ዓፄ ዮሐንስ፣ የቦሩ ሜዳው ርእሰ ጉባኤ

በተማሪዎች ክርክር ላይ ርእሰ ጉባኤ ሆኖ የሚቀመጥ ጓደኛችን ሥራው ሰዓት መቁጠርና ሁካታ ማብረድ ብቻ ይመስለናል። የዚያን ወንበር ክብደት ለማወቅ የዓፄ ዮሐንስን ሕይወት መመልከት ይበቃል። ከግራናና ከመርሳ ለመጣነው ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ቦሩ ሜዳ ያለው በዚያው በወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን ነው።

የተምቤኑ ሹም የምርጫ ልጅ ካሳ በ1829 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1863 የእኅታቸውን ባል ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስን አድዋ አጠገብ ድል አድርገው፣ በጥር 1864 አክሱም ላይ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። በ1868 የግብፅን ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ መለሱ። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አናስረዝመውም።

የግብፅ ጦር ከተመለሰ በኋላ የቀራቸው ብርቱ ነገር የሊቃውንቱ ጠብ ነበር። አንዱ ወገን ክርስቶስ ሁለት ልደት አለው ሲል፣ በሸዋ የበረታው የጸጋ ልጅ ወገን ደግሞ ሦስት ይላል። ምኒልክ በመጋቢት 1870 ልቼ ላይ ከገበሩ በኋላ፣ በግንቦት ሁለቱ ወገኖች ቦሩ ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ። ኋላ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ በ1846 አምባ ጫራ ላይ ባስደረጉት ጉባኤ አቡነ ሰላማ ነበሩ። አሁን ግን አቡነ አትናቴዎስ በ1868 ዐርፈዋል፤ ተተኪዎቹም የመጡት በ1874 ነው። ስለዚህ ጉባኤውን የመሩት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ።

በአገራችን የችሎት ልማድ ተሟጋች ተራውን ጠብቆ ይናገራል። ፍርድም ይጀመር የነበረው ከታናሹ ነው፤ ዳኛው ይናገር የነበረው መጨረሻ ነው። ታላቁ ቀድሞ ከተናገረማ ታናሹ ምን አፍ ይኖረዋል? የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ ለምክር ቤቱ ርእሰ ጉባኤ የሰጠው፣ ድምፅ እኩል ሲከፈል እርሱ ያለበት ወገን እንዲረታ ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ግን የመሪው ሐሳብ ከክርክሩ በፊት የታወቀ ነበር። ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ፤ ጸጋዎች ተረቱ። አንቀበልም ካሉት መካከል ምላሳቸው የተቆረጠ እንደ ነበሩ ተጽፏል። የትኛው ትምህርት ትክክል እንደ ሆነ ለመፍረድ አልተነሣንም፤ ያ የሊቃውንት ነው። ተከራካሪን ተራው እስኪደርስ ዝም ማሰኘትና ለዘለዓለም ዝም ማሰኘት ግን ለየቅል ነው።

ለንጉሠ ነገሥቱ መሟገት ይቻላል። ግብፅ ገና አልራቀም፤ የተከፋፈለ አገር ደግሞ ለጠላት ይመቻል። ይህን እንቀበል እንበል። የከፋው ግን የክርክሩ ወገን ባልነበሩት ላይ የደረሰው ነው። የወሎ ሙስሊሞች በዚያ ጉባኤ ተከራካሪ አልነበሩም፤ ውሳኔው ግን ደረሳቸው። መሐመድ ዓሊ ዓፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆኗቸው ሚካኤል ተባሉ፤ አባ ዋጠውም በምኒልክ አበልጅነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ለሕዝቡ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ዓመት ነበር። ብዙዎች እምቢ አሉ፤ ሼህ ጦልሃ ሸፈቱ፤ ወሎም ለዓመታት የዘመቻ አገር ሆነ።

ዓፄ ዮሐንስ ሰነፍ ወይም ፈሪ ንጉሥ አልነበሩም። በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በጥይት ቆስለው ሞቱ። አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።