ሳይስቅ ያሳቀን ሰው

በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የተከራየነውን “ኔክድ ገን” ያየሁ ዕለት፣ መርማሪ ፍራንክ ድሬቢንን ሆኖ የሚጫወተው ሽበታም ሰው ዕድሜ ልኩን በኮሜዲ የኖረ መስሎኝ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ሌስሊ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1926 በካናዳዋ ሬጃይና ከተማ ተወለደ። አባቱ የፈረሰኛ ፖሊስ ባልደረባ ስለነበር ልጅነቱን ያሳለፈው በበረዷማው ሰሜን ነው። ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። ኒውዮርክ ትወና ተምሮ ቴሌቪዥን ከገባ በኋላ ለሦስት አስርት ዓመታት ያህል የሚሰጡት ኮስታራ ገጸ ባህርያት ነበሩ። በ1956 በ“ፎርቢደን ፕላኔት” የጠፈር መርከብ አዛዥ፣ በ1972 በ“ዘ ፖሲዶን አድቬንቸር” የተገለበጠችው መርከብ ካፒቴን ነበር።

ወንድማማቾቹ ዴቪድና ጄሪ ዛከር ከጂም አብርሃምስ ጋር ሆነው የፈለጉት ይህንኑ የማይፈታ ፊት ነው። በ1980 “ኤርፕሌን” ላይ ሐኪም አደረጉት፤ ሰውየው ፈገግ ሳይል ተመልካቹ አዳራሹን በሳቅ አናጋው። በ1982 ደግሞ ድሬቢን የተወለደበትን “ፖሊስ ስኳድ” በኤቢሲ ጣቢያ ጀመሩ።

የታየው ስድስት ክፍል ብቻ ነው። በየክፍሉ መግቢያ ላይ ስሙ በክብር የሚጠራው እንግዳ ተዋናይ ወዲያው ይገደላል። ተራኪው የሚያነበው ርዕስና ስክሪኑ ላይ የተጻፈው አይገናኙም። ቀልዱ ከጀርባ፣ ከጥግ፣ ከግድግዳ ላይ ነው የሚመጣው። ጣቢያው ተከታታዩን ሲያቋርጥ የሰጠው ምክንያት፣ ተመልካቹ ለመረዳት የግድ ዓይኑን ሳይነቅል ማየት አለበት የሚል ነበር። እንግዲህ ቴሌቪዥን ሌላ ምን ሊደረግ ኖሯል? ኒልሰን ግን በዚያው ዓመት በዚሁ ሥራ ለኤሚ ሽልማት ታጨ።

ያኔ 56 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ የተገኘ ዕድል ሲያመልጥ ተመልሶ የሚመጣው ስንቴ ነው? ለእሱ ከስድስት ዓመት በኋላ መጣ። ድሬቢን በ1988 ሲኒማ ገባና ሁለት ተከታይ ፊልሞችን አስከተለ። ኒልሰን በ2010 በሳንባ ምች ፍሎሪዳ ውስጥ ሲሞት 84 ዓመቱ ነበር።

ስድስቱን ክፍሎች በኋላ ፈልጌ አገኘኋቸው፤ ሁሉም ተደምረው ሦስት ሰዓት አይሞሉም። እኔ የምደጋግመው መዝጊያቸውን ነው። በዘመኑ ተከታታይ ፊልሞች ሲያልቁ ምስሉ ቀጥ ይል ነበር፤ እዚህ ግን ቀጥ የሚሉት ተዋንያኑ ራሳቸው ናቸው። ቡናው ከስኒው ሞልቶ ይፈሳል፣ ተይዞ የነበረው ወንጀለኛ ግራ ተጋብቶ መውጫ ይፈልጋል፣ ኒልሰን ግን ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ እንደቆመ ነው።