ኤንዞ ፌራሪ እና የመጨረሻ ልጁ

የጣሊያኑ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት በኖቬምበር 1914 (እ.ኤ.አ) ኢንተር ሞዴናን 7ለ1 ማንበርከኩን የሚያትት አጭር ዘገባ አስነብቦ ነበር። ዘጋቢው ስመ ጥር ጋዜጠኛ አልነበረም። ገና የ16 ዓመት የሞዴና ልጅ ነው። ይህ ልጅ ሦስት ህልሞች ነበሩት። የኦፔራ ዘፋኝ፣ የስፖርት ጋዜጠኛ፣ አልያም የመኪና ተወዳዳሪ መሆን። ድምጹ አላዋጣውም። ብዕሩንም ብዙ አልገፋበትም። ሦስተኛው ህልም ግን ስሙን በዓለም ዙሪያ አናኘው። ልጁ ኤንዞ ፌራሪ ነው።

ዛሬ ፌራሪ ሲባል ብዙዎች ፊት የሚመጣው የከዋክብት ተጫዋቾች ጋራዥ፣ ቀይ ቀለም እና የገንዘብ ብዛት ነው። ኤንዞ ግን ለቅንጦት መኪና ልቡ ብዙም አይደነግጥም ነበር። ለሀብታም መኪና የሚሸጠው የውድድር ቡድኑን ወጪ ለመሸፈን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ውድድሩንና ገበያውን ለየብቻ ይዞ ቆየ። መጨረሻ ላይ፣ 90 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ሁለቱን አንድ ያደረገ መኪና ለዓለም አሳየ። መኪናው ኤፍ 40 ይባላል።

ኤንዞ በፌብሩዋሪ 1898 ሞዴና ውስጥ ተወለደ። አባቱ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነበረው። በ1916 አባቱም ታላቅ ወንድሙም በተከታታይ ሞቱበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ መድፈኛ ክፍል ተልኮ በቅሎ ጫማ ሲያስገጥም ከረመ። በጠና ታሞ ከሠራዊቱ ተሰናበተና ሥራ ፍለጋ ወደ ቱሪን ሄደ። የፊያት ኩባንያ በሩን ዘጋበት። በዚያ ክረምት በከተማው መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ አለቀሰ። ይህችን ቀን እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳትም።

በ1919 መወዳደር ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት አልፋ ሮሚዮ ገባ። በ1923 ራቬና አጠገብ ባሸነፈበት ውድድር የተነሳ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተዋወቀ። በጦርነቱ የሞተው ጀግና አብራሪ ፍራንቼስኮ ባራካ ቤተሰብ ነው። በልጃቸው አውሮፕላን ላይ የነበረውን ጥቁር ፈረስ እንዲጠቀምበት ፈቀዱለት። ኤንዞ ከኋላው የሞዴናን ቢጫ ቀለም ጨመረበት። በኋላ ዓለም ሁሉ ያወቀው አርማ እንዲህ ተወለደ። በ1929 ስኩዴሪያ ፌራሪን መሥርቶ የአልፋን መኪኖች ማወዳደር ያዘ።

በ1939 ከአልፋ ጋር ተቆራረጠ። መለያየቱም በቅድመ ሁኔታ ነበር። ለአራት ዓመት በራሱ ስም መወዳደር አይችልም። በዚህ መሃል ጦርነቱ መጣ። ፋብሪካውን በ1943 ወደ ማራኔሎ ቢያዛውረውም ቦምብ ወረደበት። እንደገና ገነባው። በ1947 ስሙን የያዘው የመጀመሪያ መኪና 125 ኤስ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሩን እያስጮኸ ከግቢው ወጣ። ሜይ ላይ በመጀመሪያ ውድድሩ እየመራ ሳለ ተበላሸበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሮም ላይ አሸነፈ።

ድሉ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። በ1956 የበኩር ልጁ ዲኖ በጡንቻ የሚያመነምን በሽታ በ24 ዓመቱ አረፈ። አባት ዓመታት አልፈውም መቃብሩን መጎብኘት አልተወም። በቀጣዩ ዓመት በሚሌ ሚሊያ ውድድር የአንድ ፌራሪ ጎማ ፈነዳ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎችና ልጆች የሚገኙባቸው ዘጠኝ ተመልካቾች ሞቱ። ኤንዞ ክስ ተመሠረተበት። ነፃ የወጣው በ1961 ነው። ከዚያ በኋላ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከማራኔሎ የማይንቀሳቀስ፣ ውድድሩን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ሆነ። በ1969 ደግሞ ግማሹን ድርሻ ሸጠ። ገዢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ በወጣትነቱ በሩን የዘጋበት ፊያት! ጊዜ ደጉ! የውድድር ቡድኑ ግን በእጁ ቀረ።

የኤፍ 40 ነገር የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1984 ፌራሪ ግሩፕ ቢ ለተባለው ውድድር 288 ጂቲኦ የተሰኘ መኪና አዘጋጀ። የተመረተው 272 ብቻ ነው። የማሻሻያ ሞዴሉ ተሠርቶ ሳያልቅ በ1986 በራሊ ውድድሮች ላይ ሰው የገደሉ አደጋዎች ተደጋገሙና ግሩፕ ቢ ተሰረዘ። መኪናው ሜዳ አጥቶ ቀረ። በዚያን ሰሞን የጀርመኑ ፖርሽ 959 በኤሌክትሮኒክስ ታጭቆ ብቅ ብሏል። ኤንዞ 88 ዓመቱን ይዟል። ጊዜ እንደሌለው ያውቃል። የቱርቦ ሞተር ሊቅ የሆነውን ኢንጂነር ኒኮላ ማቴራዚንና ባልደረቦቹን አዘዘ። ሜዳ ያጣው የውድድር መኪና ታርጋ ተለጥፎለት አስፋልት ላይ ይውጣ። የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ነው።

ቡድኑ ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ አልገባም። መንገዱ ክብደት መቀነስ ነበር። አጽሙ የብረት ቱቦ ሆኖ በኬቭላርና በካርቦን ፋይበር ተጠናከረ። ገላው በሙሉ ከዚሁ ቀላል ነገር ተሠራ። ቀለሙ ክብደት እንዳይጨምር ስስ ተደርጎ ስለተቀባ የፋይበሩ ሽመና ከሥሩ ይታያል። ውስጡ እርቃኑን ነው። ምንጣፍ የለም፣ ራዲዮ የለም፣ የበር እጀታ የለም። በሩ የሚከፈተው ገመድ በመሳብ ነው። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች የጎን መስታወት እንኳ ተንሸራታች ፕላስቲክ ነበር። መሪውም ፍሬኑም አጋዥ የላቸውም። ሁሉም በሾፌሩ ክንድና እግር ጉልበት ነው።

ከሾፌሩ ጀርባ 2.9 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ተቀምጧል። ሁለት ቱርቦዎች አሉት። ቱርቦ በማርሚታው በኩል በሚወጣው ጭስ እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። ጉልበቱ 478 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ችግሩ ቱርቦው ወዲያው አይነሳም። ነዳጅ ሲረግጡት መኪናው ለአፍታ ዝም ይላል። ከዚያ ድንገት ከኋላ እንደተመታ ኳስ ይፈተለካል። ያልተዘጋጀ ሾፌር ጉድ ይሆናል። የፒኒንፋሪና ባለሙያዎች የነደፉት ገላም ለማማር ብቻ አልነበረም። ትልቁ የኋላ ክንፍ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ሞተሩ ላይ ያለው የተሰነጣጠቀ ፕላስቲክ ክዳን ደግሞ ሙቀቱን ያስወጣል። ፋብሪካው ያስታወቀው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር ነው።

በጁላይ 21 ቀን 1987 ማራኔሎ ላይ ጨርቁ ተገፈፈ። ስሙ የኩባንያውን 40ኛ ዓመት ያስታውሳል። እቅዱ 400 መኪኖችን ብቻ ማምረት ነበር። ነገር ግን ገበያው አበደ። ወረፋ ከያዙት አንዳንዶቹ መኪናውን ሳይነዱት ከገዙበት ብዙ እጥፍ ሸጡት። ኩባንያውም ማምረቱን ቀጠለ። በ1992 ሲቆም ቁጥሩ ከ1300 በላይ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ የሰብሳቢዎች ገበያ ተንኮታኩቶ ዋጋው አሽቆልቁሏል። ለመነዳት የተወለደው መኪና በገዢዎቹ እጅ እንደ አክሲዮን ወጣ፣ ወረደ።

ሽማግሌው ይህን አላየም። ኦገስት 14 ቀን 1988 በ90 ዓመቱ ሞዴና ውስጥ አረፈ። ራሱ በፈለገው መሠረት ዓለም የሰማው ከተቀበረ በኋላ ነው። ኤፍ 40 በሕይወት ሳለ ያጸደቀው የመጨረሻው መኪና ሆኖ ቀረ።

ልክ በአራተኛው ሳምንት የጣሊያን ግራንድ ፕሪ ሞንዛ ላይ ተካሄደ። በዚያ ዓመት ማክላረንን የሚያቆመው አልተገኘም። ፕሮስት ሞተሩ ከድቶት ወጣ። ሴና ግን እየመራ ነው። ሁለት ዙር ሲቀረው ከኋላ ደርሶ ሊያልፈው ከነበረው ዊሊያምስ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። በርገርና አልቦሬቶ በሁለት ፌራሪዎች አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ። የሞንዛ ሕዝብ አበደ። ማክላረን በ1988 ከተደረጉት 16 ውድድሮች 15ቱን አሸንፏል። ያመለጠችው አንዲቷ ይህችው ናት።