አፄ ምኒልክ፦ ከአንኮበር ማገዶ እስከ አቃቂ የውሃ ኃይል

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው አንጎለላ ተወለዱ። ዛፍ በማይበዛበት በዚያ ብርዳም ደጋ ምድጃው የሚነደው በአመዛኙ በኩበት ሲሆን፣ ያደጉባት አንኮበር ግን ለደን የቀረበች ነበረች። በአያታቸው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ዲሜጥሮስ የተባለ የውጭ ባለሙያ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ፣ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው በማለታቸው ወፍጮው እንዲቆም ተደርጓል።

በ1848 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ የ11 ዓመቱ ልጅ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም ከዚያ አምልጠው በአንኮበር የሸዋ ንጉሥ ሆኑ።

መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ካዛወሩ በኋላ ማገዶ የመንግሥት ጉዳይ ሆነባቸው። ቤተ መንግሥቱ፣ ሠራዊቱና ነዋሪው በአካባቢው የነበረውን ዛፍ በጥቂት ዓመታት ጨረሱት። እጥረቱ ከመክፋቱ የተነሳ በ1893 ዓ.ም ገደማ ዋና ከተማውን በስተምዕራብ ወደ ኤጄሬ፣ ማለትም ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ ተጀምሮ ነበር። አዲስ አበባን ከመነቀል ካዳኗት ምክንያቶች አንዱ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው።

በ1890 ዓ.ም ቤተ መንግሥቱ በጄኔሬተር የኤሌክትሪክ መብራት አገኘ። በ1904 ዓ.ም ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ላይ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተሠርቶ ለአነስተኛ ፋብሪካዎች ኃይል ማቅረብ ጀመረ።

ዛሬ ሃይድሮጅንን ከውሃ አውጥቶ ማንደድ ይቻላል ሲባል የሚሰማ ሰው የአቃቂን ሥራ ልብ ሊል ይገባል። በአቃቂ ኃይል የሰጠው የውሃው ቁልቁል መውረድ እንጂ ውሃው ራሱ አልነበረም። ውሃ ቀድሞ የተቃጠለ ሃይድሮጅን በመሆኑ ዳግመኛ አይነድም። ከ9 ሊትር ገደማ ውሃ 1 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ለመለየት 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ ጋዙ ሲነድ ግን መልሶ የሚሰጠው 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ይህም ኪሳራ ጋዙን ለማመቅና ለማጓጓዝ የሚወጣውን ኃይል አይጨምርም። ስለዚህ ሃይድሮጅን የኃይል ማጠራቀሚያ እንጂ ምንጭ አይደለም። ትርፍ የወንዝ ኤሌክትሪክ ያለው አገር ለማዳበሪያ ማምረቻ ሊያውለው ይችላል። ለእንጀራ ምጣድ ግን ኤሌክትሪኩን በቀጥታ መጠቀም ይሻላል።

የአቃቂው ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ላይ ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም በአዲስ አበባ አረፉ።