የእቴጌ ሰብለ ወንጌል የእናትነት ጽናት

ቤት በመሠረቱ ይቆማል፤ መሠረቱ ግን ከዐፈር በታች ስለ ሆነ መንገደኛ አያየውም። በቤተሰብ ውስጥ የእናት ነገርም እንዲሁ ነው። ልጆች ሲሾሙ ስማቸው በአደባባይ ይጠራል፤ ያሳደገቻቸውና ያጸናቻቸው እናት ግን በጓዳ ትቀራለች። በዜና መዋዕል መጻሕፍትም የአባቶችና የልጆች ስም ሲበዛ የእናቶች ስም ጥቂት ነው። ከነዚያ ከጥቂቶቹ መካከል የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት፥ የዐፄ ገላውዴዎስና የዐፄ ሚናስ እናት፥ የዐፄ ሠርፀ ድንግልም አያት የሆኑት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ይገኛሉ።

የእኒህን እናት ሕይወት ለማሰብ የተነሣነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ የቤታቸው ታሪክ በደጎሎ፥ በመካነ ሰላምና በሳይንት ደጋ ለምንኖር ሰዎች ቅርብ በመሆኑ ነው፤ ይህ ምድር በዚያ ዘመን የነገሥታት መቃብርና ታላላቅ አድባራት የነበሩበት የቤተ አምሐራ አካባቢ ነውና። ሁለተኛው፥ የዚያን ዘመን መከራ ስንተርክ የተቃጠለውን አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ ቈጥረን፥ በምሕረት የተፈጸመውን ግን ዘልለን ስለምናልፍ ነው።

ሰብለ ወንጌል ማለት የወንጌል አዝመራ ማለት ነው። ወደ ቤተ መንግሥት ሲገቡ መንግሥቱ የጸና ይመስል ነበር። ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት የመካነ ሥላሴ ሕንጻ በ1513 ዓ.ም. ሲባረክ፥ የዐፄ ናዖድ ዐፅም በታላቅ ክብር ወደዚያ ፈልሷል። ከዚህ በኋላ ስምንት ዓመት ብቻ ቈይቶ፥ በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የንጉሡ ሠራዊት በኢማም አሕመድ፥ ግራኝ በተባለው፥ ድል ሆነ። በ1524 ዓ.ም. መካነ ሥላሴ ተቃጠለች፤ በአትሮንሰ ማርያምም ላይ ይኸው መከራ ደረሰ። ንጉሡ ከአምባ ወደ አምባ፥ ከበረሓ ወደ በረሓ የሚሸሹ ስደተኛ ሆኑ።

ኀዘን ከኀዘን ላይ የተደረበው በ1531 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ተገደሉ፤ ታናሹ ልጃቸው ሚናስም ተማረኩ። በመስከረም 1533 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ልብነ ድንግል በደብረ ዳሞ ዐረፉ። እንግዲህ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንዲት ሴት ልጅዋን በሞት፥ ልጅዋን በምርኮ፥ ባልዋን በስደት አጣች። መንግሥቱን የወረሱት ገላውዴዎስም ገና ወጣት ነበሩ፤ ጥቂት ሰዎችን ይዘው በደቡብ ይዋጉ ስለ ነበር ለእናታቸው ሊደርሱላቸው አልቻሉም።

ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ የማይወጣ፥ በሥርዓቱም ሴት የማትገባበት የአቡነ አረጋዊ ደብር ነው። በዚያ የጭንቅ ዘመን ግን ለንግሥቲቱ መሸሸጊያ ሆነ። በ1533 ዓ.ም. በዶም ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 የፖርቱጋል ወታደሮች በምጽዋ በኩል ገብተው ሲልኩባቸው፥ እቴጌይቱ ከአምባው ወርደው ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ። በተመሸገ ስፍራ ተቀምጠው የጦሩን ወሬ መጠበቅ ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን ይህን አልመረጡም። የንጉሡ እናት በሰፈሩ መኖራቸው ለአገሩ ሰው የመንግሥቱ ቤት ገና እንዳልፈረሰ ምልክት ሆነው። ጦርነት በሆነ ጊዜም ከደንገጡሮቻቸው ጋር ሆነው የቈሰሉትን ያስታምሙ፥ ቍስላቸውንም ያስሩ ነበር።

በ1534 ዓ.ም. መጨረሻ በወፍላ በተደረገው ጦርነት ዳ ጋማ ተማርኮ ተገደለ። እቴጌይቱ ከተረፉት ጥቂቶች ጋር ወደ ተራራማው አገር አፈገፈጉ። የመጣው ረድኤት እንደ ገና በተበተነበት በዚያ ሰዓት ተስፋ ቢቈርጡ ማንም ባልፈረደባቸው ነበር። ነገር ግን የተረፉትን ሰብስበው ልጃቸውን ጠበቁ፤ ዐፄ ገላውዴዎስም ደርሰው ከእናታቸው ጋር ተገናኙ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት ኢማም አሕመድ ወደቀ፤ ልጁ መሐመድም ተማረከ።

አሁን ወደ ነገራችን ማዕከል ደረስን። ባልዋን በስደት የገደለ፥ ልጅዋን የማረከ፥ የአማቷን መቃብር ያቃጠለ ሰው ልጅ በእጅዋ ሲወድቅ አንዲት እናት ምን ታደርጋለች? የዘመኑ ልማድ የታወቀ ነው፤ ምርኮኛ ይሰለብ ወይም ለባርነት ይሸጥ ነበር። የደም ብድራት የሚጠይቅ አማካሪም በየዘመኑ አይታጣም። ሚናስ ደግሞ በኢማሙ ቤት መጀመሪያ በደኅና ተይዘው ቢቈዩም፥ በኋላ ኢማሙ የጦር ርዳታ ሲፈልግ ከእጅ መንሻ ጋር ወደ የመን ልኳቸው ነበርና፥ የመመለሳቸው ተስፋ የመነመነ ይመስል ነበር።

በሌላው ወገንም እናት ነበረች። የኢማሙ ባለቤት ድል ወንበራ ባልዋን ተነጥቃ ወደ ሐረር ስትሸሽ ልጅዋን በጠላት እጅ ትታ ነበር የሄደችው። በእምነትም በጦርም የተለያዩት እኒህ ሁለት እናቶች በመልእክት ተገናኙ፤ የአንዲቱ ልጅ በሌላይቱ ልጅ ተለወጠ። መሐመድ ወደ እናቱ፥ ሚናስም ከባሕር ማዶ ወደ እናታቸው ተመለሱ። እቴጌይቱ የልጃቸውን ናፍቆት ከበቀል ምኞት አስበልጠው የጠላታቸውን ልጅ በሕይወት ሰደዱ።

ይህ ምሕረት ምን ጠቀመ የሚል ይኖር ይሆናል። ጦርነቱ በዚህ አልቆመምና። ድል ወንበራ የኢማሙን የእኅት ልጅ ኑርን አገባች፤ በመጋቢት 1551 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ዐፄ ገላውዴዎስ ኑርን ሲዋጉ ወደቁ። ራሳቸው ወደ ሐረር ተወሰደ፤ ራስ የሌለው ሥጋቸው በሳይንት፥ እርሳቸው ባሠሯት በተድባበ ማርያም ዐረፈ። ከልጆቻቸው ያዕቆብም ቀደም ብለው ሞተው ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ምሕረት ያደረገች እናት ልጅዋን ከዚያው ቤት በተነሣ ሰይፍ አጣች።

መልሱን ግን የቤቱ የትውልድ ሐረግ ራሱ ይሰጠናል። ዐፄ ገላውዴዎስ በወደቁ ጊዜ ዙፋኑን የተቀበሉት በልውውጥ የተመለሱት ሚናስ ናቸው። እርሳቸውም በ1555 ዓ.ም. ሲያርፉ የተተኩት ልጃቸው ሠርፀ ድንግል፥ አባታቸው ከምርኮ ከተመለሱ በኋላ የተወለዱ ናቸው። የኢማሙ ልጅ በወይና ደጋ ማግሥት በበቀል ታርዶ ቢሆን ኖሮ፥ ሚናስ በባዕድ አገር በቀሩ፥ ሠርፀ ድንግልም ባልተወለዱ ነበር። እናት ያደረገችው ምሕረት ፍሬውን የሰጠው በልጅ ልጅ ነው።

በዚያን ጊዜ እቴጌይቱ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ አራቱም ወንዶች ልጆቻቸው ከእርሳቸው ቀድመው ሞተዋል። ያም ሆኖ ወደ ገዳም ገብቼ ልረፍ አላሉም። ከጦር አለቆች ጋር ተማክረው ገና ብላቴና የነበሩትን የልጅ ልጃቸውን አነገሡ፤ የገዛ ዘመዶቻቸው እነ ሐመልማል በሸፈቱ ጊዜም ከብላቴናው ጎን ቆሙ። በታኅሣሥ 1560 ዓ.ም. ሲያርፉ ሠርፀ ድንግል በዙፋን ላይ ነበሩ። ከያዕቆብም ወገን የልጅ ልጃቸው ልጅ ሱስንዮስ ተነሡ፤ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት ቢተዉም፥ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. የተዋሕዶን እምነት መልሰዋል። የጎንደር ነገሥታትም ከዚህ ሐረግ የወጡ ናቸው።

በመጽሐፈ ሩት የምናነባት ኑኃሚን ባልዋንና ሁለት ልጆችዋን በባዕድ አገር ቀብራ ባዶ እጅዋን ተመለሰች፤ በእርጅናዋ ግን ሕፃን ታቀፈች፤ ከዚያም ሕፃን ዳዊት ተወለደ። የእቴጌ ሰብለ ወንጌልን ሕይወት የሚያነብ ሁሉ ይህችን እናት ሳያስብ አያልፍም። ኑኃሚን ኀዘንዋን አልደበቀችም፥ ምሬትዋንም ተናግራለች፤ ቢሆንም ሥራዋን አልተወችም።

እንግዲህ አባቶች ካህናት፥ ምእመናንም ሆይ፥ በእኛ አገር በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ከአንድ አያት ተወልደው፥ በሠርግና በለቅሶ ተጠራርተው ይኖራሉ። በዚህ ምድር የግራኝን ዘመን የሚተርክ ሰው በቃሉ ላይ ኀላፊነት አለበት። የተቃጠለውን አንክድም፤ ሰማዕታቱን አንረሳም። ነገር ግን የመካነ ሥላሴን መቃጠል የነገርናቸው ልጆቻችን፥ የሁለቱን እናቶች መልእክትም ይስሙ። ደም የተቃቡ ሁለት ቤቶችን ለማስታረቅ የምንቀመጥ የንስሓ አባቶችም፥ ከሽማግሌዎቹ ጋር እናቶቹን እንጥራ። ልጅን በማጣት የሚመጣውን ኀዘን በሁለቱም ቤት የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፥ እርቁን ለማጽናት ከእነርሱ የሚሻል ዋስ አናገኝም።

የእቴጌ ሰብለ ወንጌልን ነፍስ ከአብርሃም፥ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።