አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ

በወሎ ምድር፥ ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን፥ ሐይቅ የሚባል ሰፊ ውኃ አለ። ተራሮች ከብበውታል፤ ከተራሮቹም ወዲያ የአምባሰል አገር ይገኛል። በውኃው ውስጥ በቀድሞ ዘመን ደሴት የነበረች፥ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋራ የተያያዘች ስፍራ አለች። በእርስዋም ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም ቆሟል።

በ1248 ዓመት በአውሮጳ አቈጣጠር አባ ኢየሱስ ሞዓ የሚባል መነኵሴ ወደዚህ ገዳም መጣ። እርሱ አስቀድሞ በደብረ ዳሞ ተምሮ መጽሐፍ መጻፍን ለምዶ ነበር። በሐይቅም መጻሕፍትን ሰበሰበ፥ በ1293 እስኪሞት ድረስም አስተማረ። የተማሩትም ደቀ መዛሙርት ሁሉ በደሴቱ አልቀሩም። ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ሄደ፤ ኂሩተ አምላክም ወደ ጣና ሄዶ በዳጋ ደሴት ተቀመጠ። እነርሱም በሄዱበት አገር ሌሎችን አስተማሩ። ስለዚህ የሐይቅ ትምህርት ቤት ስሙ በሩቅ ተሰማ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1365 ገደማ ዛሬ ደቡብ ወሎ በሚባለው አገር፥ በቦረና፥ ሰግላ በሚባል ስፍራ ጊዮርጊስ ተወለደ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሥ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የተማረ ካህን ነበረ። እናቱም እምነ ጽዮን ትባል ነበር። አባቱ ልጁ እንደ እርሱ እንዲማር ፈልጎ በልጅነቱ ወደ ሐይቅ ወሰደው፥ ለመምህራንም ሰጠው።

ነገር ግን ልጁ ትምህርት አልገባው አለ። ሌሎች ልጆች ሰምተው የሚይዙትን እርሱ ደጋግሞ ሰምቶ ይረሳው ነበር። ይህም ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት አይደለም። ገድሉ እንደሚተርከው ሰባት ዓመት ያህል እንዲሁ ቆየ። በመጨረሻም መምህሩ ተስፋ ቈርጦ ወደ አባቱ መለሰው።

የተማረ አባት ልጁ ሰነፍ ተብሎ ሲመለስለት እጅግ ያፍራል። ሕዝበ ጽዮን ልጁን ሊመታው፥ ወይም ወደ እርሻ ሊሰደው ይችል ነበር። እርሱ ግን እንዲህ አላደረገም። አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን ልጅ መልሼ አልቀበልም አለ፤ መማር ባይችል እንኳ መነኰሳቱን ያገልግል ብሎ ዳግመኛ ወደ ሐይቅ ሰደደው። የገዳሙም ሰዎች ተቀበሉት።

ጊዮርጊስም የመነኰሳቱን እህል ይፈጭ ጀመረ። በኢትዮጵያ ልማድ እህል መፍጨት የሴቶች ሥራ ነበረ። በገዳሙ ግን ሴት ስለማትገባ ወንዶች ይፈጩ ነበር። ልጁ ቀን በወፍጮው ላይ አጐንብሶ መጁን ይገፋል፥ ሌሊትም በማርያም ሥዕል ፊት ቆሞ ይጸልያል። ከብዙ ጊዜም በኋላ ልቡናው ተከፈተለት። ገድሉ ይህን የማርያም ስጦታ ነው ይላል። ያም ሆነ ይህ፥ አባቱና የገዳሙ ሰዎች በሰባተኛው ዓመት ጥለውት ቢሆን ኖሮ፥ ይህን ቀን ባላየም ነበር።

ዛሬ ሊቃውንት የሕፃን አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ፈጥኖ እንደሚያድግ ያውቃሉ። ለዚህም በቂ ምግብ፥ ጨዋታ፥ የእናትና የአባትም ጭውውት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን ማንበብ አይጀምሩም።

ጊዮርጊስ ካደገ በኋላ ዕውቀቱ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ንጉሥ ዳዊት ልጆቹን እንዲያስተምር ሾመው። ከእነርሱም አንዱ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ ነበረ ይነገራል። ዘርዐ ያዕቆብ በአምባሰል ባለችው በግሸን አምባ ላይ ታግዶ ኖረ፥ በ1434ም ነገሠ። በነገሠም ጊዜ ካህናት በሰንበትና በበዓል ቀን ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አዘዘ።

የንጉሥ ልጅ እንዲህ ያለ መምህር በቤቱ ያገኛል። የገበሬው ልጅ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በየኔታ ፊት ይቀመጥ ነበር። በስንደዶ እየነካ ፊደል ይቈጥራል፤ ቀጥሎ አቡጊዳን፥ ቀጥሎም የዮሐንስን መልእክት፥ በኋላም መዝሙረ ዳዊትን ያነባል። ከዚያ በላይ ለመማር ከቤቱ ርቆ የሄደውም የቆሎ ተማሪ፥ የመንደሩ ሴቶች በሚሰጡት ቍራሽ እንጀራ ይኖር ነበር። እነዚያ ሴቶች የሰው ልጅ እየመገቡ የራሳቸው ሴቶች ልጆች ግን ሳይማሩ ቀሩ፤ ይህም ትልቅ ጉድለት ነበረ። ሌላም ጉድለት ነበረ፤ የዘገየውን ልጅ በአለንጋ መምታት የተለመደ ነበረ። የሚፈራ ልጅ ያወቀውንም ይረሳል።

በ2010 በአውሮጳ አቈጣጠር የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት መመሪያ አወጣ። ከዚያም ወዲህ በብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል ተከፈተ፤ በዚያም ወንዶችና ሴቶች ልጆች አንደኛ ክፍል ሳይገቡ ፊደልና ቍጥር ተማሩ። ልጆቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ በዙ፤ ለሕፃናት የሠለጠነ አስተማሪ ግን በዚያው ልክ አልተገኘም። ክፍል መክፈት ቀላል ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ ግን ከክፍል አስቀድሞ አስተማሪዎችን ያዘጋጅ ነበር።

አባ ጊዮርጊስ ከማስተማሩ ጋራ ብዙ መጻሕፍት ጻፈ። በቤተ ክርስቲያን በሌሊት የሚዜመው ሰዓታት የእርሱ ድርሰት ነው። አርጋኖንም የእርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። ኑሮው ግን ሁልጊዜ የተመቸ አልነበረም፤ በንጉሥ ቍጣ ታስሮ ነበር፥ ኋላም ተፈታ። በጋሥጫ ስለ ተቀመጠ ዘጋሥጫ ተባለ። በ1424 መጽሐፈ ምስጢር የተባለውን ትልቁን መጽሐፉን ፈጸመ፥ በተከተለውም ዓመት ገደማ ዐረፈ።