ራምቦ እና የዝሆን ጥርስ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1891 ማርሴይ ሆስፒታል ውስጥ የተኛ አንድ የ37 ዓመት ሰው እህቱን ደብዳቤ አስጻፋት። በማግስቱ ሞተ። ደብዳቤው ለመርከብ ኩባንያ ኃላፊ የተጻፈ ሲሆን የሚጀምረው የዝሆን ጥርስ በየክምሩ በመቁጠር ነው። ሰውዬው አርተር ራምቦ ነው፤ የኛው የሐረሩ ራምቦ!

ሐረር ሄዶ ራምቦ ቤትን ሳያይ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው (ቤቱ እሱ የኖረበት መሆኑ ግን ያጠራጥራል)። ሁሌ የሚወራው ስለ ግጥሙ ነው። ራምቦ ግን ግጥም እርግፍ አድርጎ የተወው ሐረርን ከማየቱ በፊት ነው እኮ። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ጀጎል የገባው ለባርዴ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ዝባድና የዝሆን ጥርስም ነበሩበት።

ሁለቱም ከዱር ቢመጡም ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ጥርኝ በጠባብ ማጎሪያ ተይዞ ዝባዱ በየጊዜው ይፋቃል፤ ይሠቃያል፤ ዝባዱን ለማግኘት ግን መግደል አያስፈልግም። ዝሆን ግን ጥርሱን የሚሰጠው አንዴ፣ ሞቶ ነው። እርግዝናው 22 ወር ነው፤ ከአንዱ ግልገል እስከ ሌላው 4 ወይም 5 ዓመት ያልፋል። ድርቅ ሲሆን ደግሞ ይረዝማል። ይህን ሒሳብ በሐረር ገበያ ማን ያሰላዋል? ራምቦማ ጭራሽ እ.ኤ.አ. በ1882 መጀመሪያ ከኤደን ወደብ ሆኖ የዝሆን አዳኞች ቡድን ላቋቁም ብሎ ለአንድ ጠመንጃ ሠሪ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ሐሳብ ሆኖ ቀረ።

ለምኒልክ ጠመንጃ ከሸጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1888 ተመልሶ በሐረር የራሱን ንግድ ከፈተ። ከተማዋን የሚያስተዳድሩት መኮንን ነበሩ፣ በኋላ ራስ የተባሉት። ጥርሱ ከአካባቢው ብቻ አልነበረም የሚመጣው፤ አልፍሬድ ኢልግም ከሸዋ ይልክለት ነበር።

በነዚሁ ዓመታት ክፉ ቀን መጣ። ደስታ በሽታ ከብቱን ፈጀ፤ የዱር ጎሽን እንኳ አልማረም። ዝናብም ራቀ። የሚበላው ያጣ ሰው ወደ ዱር ይወርዳል፤ ነጋዴው ደግሞ መግዛቱን አያቆምም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እንስሳው በድርቅ ሲመናመን አደኑ መቀነስ ሲገባው ያኔ ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱ አብጦ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ኢትዮጵያ አደንን፣ በተለይም የዝሆንን አደን የሚገድብ ደንብ ያወጣችው እሱ ከሞተ ከ18 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ከሐረር በስተደቡብ ያለው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቋመ፤ ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዝሆኖቹ ውኃና ቅጠል ፍለጋ በኤረርና በጎቤሌ ሸለቆዎች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ዝናቡ ሲዛባ መንገዳቸው የሰው ማሳ ላይ ያርፋል። ጥርስ ፈላጊውም አልጠፋም።