ደምን ወደ አንድ ቋት የሰበሰበው ዶክተር

ስለ ቻርልስ ድሩው የሚወራ አንድ ታሪክ አለ፤ ምናልባት ስልካችሁ ላይ አጋጥሟችሁ ይሆናል። የደም ባንክ አባት የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም በመኪና አደጋ ተጎድቶ፣ የነጮች ሆስፒታል ደም ከልክሎት ሞተ ይላል። ውሸት ነው። እውነቱ ግን ከዚህም በላይ ያናድዳል።

ድሩው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1904 ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ኮሌጅ እያለ ስሙ የሚጠራው በስፖርት ነበር። ሕክምና የተማረው ግን ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያኔ አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቁር ተማሪ ወይ አይቀበሉም፣ ወይ በጣት የሚቆጠር ብቻ ነበር የሚወስዱት። በኋላ ኒውዮርክ ገብቶ፣ ስለ ደም አከመቻቸት ባጠናው ጥናት በ1940 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ።

በዚያው ዓመት ብሪታኒያ በጀርመን ቦምብ እየተደበደበች ፕላዝማ ፈለገች። ፕላዝማ ማለት የደም ሴሎቹ ሲወጡለት የሚቀረው ፈሳሽ ነው፤ ከሙሉ ደም የበለጠ ይቆያል፣ ለረጅም ጉዞም ይመቻል።

ለጋሽ አልጠፋም። የኒውዮርክ ሆስፒታሎችም ተስማምተዋል። ችግሩ፣ አንዱ በዚህ ዘዴ ይቀዳል፣ ሌላው በዚያ ያዘጋጃል። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ባክቴሪያ ከገባ ደግሞ ባሕር ማዶ ያለውን ቁስለኛ ይገድላል። ድሩው የተጠራው ይሄንን እንዲያስተካክል ነው። ሁሉም ሆስፒታል አንድ ዓይነት አሠራር እንዲከተል አደረገ፤ ደሙን የሠለጠነ ሰው ብቻ ይነካዋል፣ ፕላዝማው ሳይመረመር መርከብ ላይ አይጫንም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔን ከሳይንሱ በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሰውየው አዲስ መድኃኒት አላገኘም። ትንሽ ሆስፒታል ለብቻው ደም ሲያከማች ወይ በጭንቅ ሰዓት ያልቅበታል፣ ወይ ጊዜው አልፎበት ይደፋዋል። ቋቱ የጋራ ሲሆን የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ የምርመራው ወጪም ይከፋፈላል። ፕሮግራሙ በ1941 መጀመሪያ ሲያበቃ ወደ 14,500 ሰዎች ደም ሰጥተው፣ ከ5,000 ሊትር በላይ የፕላዝማ ድብልቅ ተልኮ ነበር።

ቀጥሎ ቀይ መስቀል ኒውዮርክ ውስጥ ለከፈተው የሙከራ ደም ባንክ ኃላፊ አደረገው። ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው፣ ለጋሹ ያለበት ድረስ የሚሄዱ መኪኖችም ያኔ ነው ሥራ የጀመሩት። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። (በዘረኝነቱ ተቆጥቶ ለቀቀ የሚባለውንም ብዙ አትመኑት።) ዓመቱ ሳያልቅ ቀይ መስቀል የጥቁር ደም አንቀበልም አለ፤ በ1942 ደግሞ እንቀበላለን፣ ግን ለብቻው እናስቀምጣለን። ማለትም ሥርዓቱን የዘረጋው ሰው ራሱ ሊለግስ ቢመጣ መጀመሪያ በሩ ይዘጋበታል፣ ቀጥሎ ጠርሙሱ ይለይበታል። ድሩው ይህ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው በአደባባይ ተናግሯል።

ሚያዝያ 1 ቀን 1950 (በፈረንጆቹ)፣ ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ሲሠራ አድሮ፣ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ወደ አላባማ ሲጓዝ ኖርዝ ካሮላይና ላይ መሪ እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። ነጭ ሐኪሞች ሊያተርፉት ታግለዋል፤ ጉዳቱ ግን ከአቅም በላይ ነበር። 45 ዓመቱ ነበር።

ቀይ መስቀል የጥቁርና የነጭን ደም መለየት ያቆመው በዚያው ዓመት፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሉዊዚያና ውስጥ ግን የመለያ ሕጉ እስከ 1972 ቆየ።